ምዕራፍ 7፦ በርበሬን የሚያውቀው ነርቭ

ለበዓል የታረደ በግ ሲበለት ዓይን ሁሉ ጉበቱና ኩላሊቱ ላይ ነው። ሳንባው ለውሻ ወይም ለድመት ተብሎ ወደ ጎን ይጣላል፤ ልብ ብሎ የሚያየው የለም። ለሚያየው ግን ብዙ ይናገራል። ጤነኛ ሳንባ ፈዛዛ ሮዝ ነው፤ ሲዳስሱት ይለሰልሳል፣ አየር መያዙም በጣት ይታወቃል። አንዳንዱ ደግሞ ከጎድኑ ጋር ተጣብቆ በእጅ ካላላቀቁት አልወጣም ይላል። ያ በግ ከወራት በፊት የሳንባ ምች ይዞት ማንም ሳያውቅለት ታሞ፣ ማንም ሳያውቅለት የዳነ ነው። የተጣበቀበት ቦታ ጠባሳው ነው።

ያልዳነውን የሚያየው የእንስሳት ሐኪም ነው። የሞተው ግልገል ደረት ሲከፈት የሳንባው የፊትና የታችኛው ክፍል ጥቁር ቀይ ሆኖ፣ እንደ ጉበት ጠጥሮ ይገኛል። ላዩን ቢጫማ የፋይብሪን ሽፋን ለብሶታል። ከጠጠረው ክፍል አውራ ጣት የሚያህል ቆርጠው ውኃ ውስጥ ቢጥሉት ይሰምጣል፤ ከጤነኛው የተቆረጠው ይንሳፈፋል። የሰመጠው አየር የሚገባበት ቦታ ሁሉ በሌላ ነገር ስለተሞላ ነው። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ሌላ ነገር ያወራል። አብዛኛው ባክቴሪያ አይደለምና። አብዛኛው የበጉ የራሱ ነው፦ ከደም ሥር ያፈተለከ ፈሳሽና ፕሮቲን፣ ከዚያም በላይ ሊከላከሉ መጥተው እዚያው ያለቁ ነጭ የደም ሴሎች።

ዋናው ባክቴሪያ ማንሃይሚያ ሄሞሊቲካ ይባላል። እስከ 1999 ድረስ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መጠሪያው ፓስቱሬላ ሄሞሊቲካ ስለነበር፣ ሐኪሞቻችን ዛሬም በሽታውን ፓስቱሬላ ሲሉት ይሰማል። ብቻውን የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ማይኮፕላዝማ፣ ፓስቱሬላ መልቶሲዳ፣ እንደ ፓራኢንፍሉዌንዛ 3 ያሉ ቫይረሶች አንዱ መንገድ ሲጠርግ ሌላው ይገባል። ደግሞም ከውጭ የመጣ ወራሪ አይደለም። በጤነኛ በግ አፍንጫና ቶንሲል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል፤ በጉም ምንም አይሆንም። ነገር የሚበላሸው የበጉ አቅም ሲላላ ነው። መንዝ ላይ የሐምሌ ዝናብና ብርድ ሲጸና፣ ግልገል ከእናቱ ጡት ሲለይ፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በአይሱዙ ላይ ታጭቆ ሲጓዝ የጭንቀት ሆርሞን የመከላከያውን ጉልበት ያዳክማል። ቫይረስ ከተጨመረበት የመተንፈሻ ቱቦውን የሚጠርጉት ጥቃቅን ፀጉሮች ይረግፋሉ። ያኔ ባክቴሪያው አፍንጫ ውስጥ በብዛት ይራባና ከትንፋሽ ጋር ወደ ሳንባ ይወርዳል።

ሳንባ ውስጥ መጀመሪያ የሚያገኘው ማክሮፋጅ የተባለው ነዋሪ ጠባቂ ነው። ማክሮፋጁ ከባክቴሪያው ጥቂቱን ውጦ፣ የቀረውን ብቻዬን አልችለውም ሲል ኬሚካላዊ ጥሪ ያሰማል። ጥሪውን ሰምተው በሰዓታት ውስጥ ከደም ሥር እየሾለኩ የሚጎርፉት ኒውትሮፊሎች ናቸው። ኒውትሮፊል ዕድሜው አጭር፣ ጥይቱ ብዙ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ሥጋን የሚያሟሙ ኢንዛይሞችና ከምናጸዳበት የክሎሪን ኬሚካል ጋር አንድ የሆነ ንጥረ ነገር ማምረቻ ይዟል። በሌላ ባክቴሪያ ላይ ይህ ዘመቻ ብዙውን ጊዜ በድል ያልቃል።

ማንሃይሚያ ግን ለዚህ ዘመቻ የተዘጋጀ መሣሪያ አለው። በፍጥነት በሚራባበት ሰዓት ሉኮቶክሲን የተባለ መርዝ ይረጫል። መርዙ የሚፈልገው ነጭ የደም ሴልን ነው፤ በሴሉ ላይ ሲዲ18 ከተባለ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ይህ ፕሮቲን ኒውትሮፊሉ የደም ሥሩን ግድግዳ ይዞ እንዲወጣ የሚረዳው መቆናጠጫ ነው። ማለትም ሴሉን ወደ ጦርነቱ ያደረሰው ዕቃ መርዙ የሚይዝበት እጀታ ሆኖ ይገኛል። መርዙ በጥቂቱ ሲሆን ሴሉን ያስቆጣዋል፤ ሲበዛ ሽፋኑን ይበሳዋል። የተበሳው ኒውትሮፊል ይፈነዳና ባክቴሪያውን ሊገድልበት የያዘውን ኢንዛይም ሁሉ በበጉ ሳንባ ላይ ያፈሰዋል። የአየር ከረጢቱ ግድግዳ ይሟሟል፣ ፈሳሽ ይገባል፣ የጉዳቱ ኬሚካል ተጨማሪ ኒውትሮፊሎችን ይጠራል፤ እነሱም መጥተው ይፈነዳሉ። የዚያን ሳንባ ስስ ቁራጭ ቀለም ነክረው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ ረዘም ብለው የቀጠኑ፣ በአንድ አቅጣጫ የተነዱ የሚመስሉ ጥቁር ወይን ጠጅ ሴሎች ክምር ይታያል። የበሽታ መርማሪዎች የአጃ ሴል ይሏቸዋል። እየሞቱ ያሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው።

ይህ ግምት እንዳይመስል፣ በ1980ዎቹ በጥጆች ላይ የተደረጉትን ሙከራዎች ማንሳት ይበቃል። ተመራማሪዎቹ የአንዳንዶቹን ጥጆች ኒውትሮፊል አስቀድመው በመድኃኒት አመናመኑትና ሁሉንም በባክቴሪያው በከሏቸው። ወታደር ያልነበራቸው ጥጆች ሳንባ የተጎዳው ሙሉ ሠራዊት ከነበራቸው ያነሰ ነበር። እንግዲህ ከዚህ ውጤት ተነስቶ ኒውትሮፊል ክፉ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ያለ ኒውትሮፊል የሚኖር እንስሳ በሌላ ሳምንት በሌላ ባክቴሪያ ይሞታል። ቁም ነገሩ ጉዳቱን ያደረሰው ማን እንደሆነ መታወቁ ነው።

ሰውስ? አይጥስ? የሉኮቶክሲን ጉልበት በሚያመሰኩ እንስሳት ላይ ብቻ ነው፤ በሰው ሴል ላይ ይህን አያደርግም። ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቶ በ2009 የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደረሱበት። ሴል አዲስ ፕሮቲን ሲሠራ ጫፉ ላይ ወዴት እንደሚሄድ የሚያመለክት ትንሽ ቅጥያ ያደርግበታል፤ ፕሮቲኑ ቦታው ሲደርስ ቅጥያው ይቆረጣል። በሌሎች እንስሳት ሲዲ18 ላይ ይህ ቅጥያ ይቆረጣል። በበግ፣ በፍየልና በከብት ላይ ግን ሳይቆረጥ ይቀራል፤ መርዙም የሚይዘው እሱን ነው። ልዩነቱ የአንዲት አሚኖ አሲድ ነው። በ2016 እነዚሁ ሰዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ያቺን አንድ አሚኖ አሲድ በጂን እርማት ቀይረው የከብት ፅንስ አስገኙ፤ የፅንሱ ነጭ የደም ሴሎች መርዙን ተቋቋሙት። እኔ በግሌ ከዚህ መጽሐፍ ታሪኮች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም። በዓለም ዙሪያ ስፍር ቁጥር የሌለው በግና ጥጃ የሚሞተው አንዲት ቅጥያ ባለመቆረጧ ነው።

በግ ሌላም ድክመት አለው። የሰውና የአይጥ ሳንባ ጠባቂ ማክሮፋጆች የሚኖሩት በአየር ከረጢቱ በኩል ነው። በግ ግን፣ እንደ ከብትና እንደ አሳማ ሁሉ፣ በሳንባው የደም ሥር ውስጥም ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ ማክሮፋጆች አሉት። ደም ውስጥ የገባን የባክቴሪያ ስብርባሪ የሚለቅሙት እነዚህ ናቸው። በሰው ይህን ሥራ በዋናነት ጉበት ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከባክቴሪያው ሽፋን የተላቀቀ ኢንዶቶክሲን የበግን ሰውነት ሲያጥለቀልቅ የመጀመሪያው ቁጣ የሚነሳው ሳንባው ውስጥ ነው። በጎች ለኢንዶቶክሲን እጅግ ስሱ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የሳንባ ተመራማሪዎችም ከ1970ዎቹ ጀምሮ በግን የመረጡት ያለ ነገር አይደለም።

እስካሁን የተረኩት ሁሉ በሁለት ወገን መካከል ነው፤ ባክቴሪያና ነጭ የደም ሴል። የቆዩ የሕክምና መጻሕፍትም እዚህ ላይ ያበቃሉ። ሦስተኛው ወገን ነርቭ ነው።

ይህን ነርቭ አንባቢ በራሱ ጉሮሮ ያውቀዋል። በርበሬ በምጣድ ሲታመስ ከጎረቤት ቤት ድረስ የሚያስለው፣ ዓይን የሚያስነባው፣ ንፍጥ የሚያወርደው እሱ ነው። በርበሬውን የሚያቃጥል ያደረገው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በነርቮቹ ጫፍ ላይ ካለ ቲአርፒቪ1 ከተባለ ተቀባይ ጋር ይገናኛል። ተቀባዩን በ1997 ለይቶ ያወጣው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል። ተቀባዩ ለበርበሬ ብቻ የተሠራ አይደለም። ከ43 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ይቀሰቅሰዋል፤ አሲድም ይቀሰቅሰዋል። የቆሰለና የታመመ ሥጋ ደግሞ አሲድ ያጠራቅማል። በግም እንደ ማንኛውም አጥቢ ይህ ተቀባይ አለው። የሳንባው ቀጫጭን የስሜት ነርቮች በአብዛኛው ከቫገስ ነርቭ የሚወጡ ናቸው፤ በመተንፈሻ ቱቦው ሽፋን ሥር፣ በደም ሥሮች ዙሪያ ተዘርግተው ይገኛሉ።

ነርቭ ወሬ ወደ አንጎል ያደርሳል፣ ያበቃለታል ብለን ተምረናል። እነዚህ ግን ወሬውን ወደ አንጎል በላኩበት ቅጽበት በዚያው በተነካው ቦታ ፔፕታይድ የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖችን ይረጫሉ። አንዱ ቅርንጫፍ ሲነካ ምልክቱ ወደ ሌላው ቅርንጫፍ ዞሮ ይወርዳል፤ ያልተነካው አጠገቡም ያብጣል። ከእነዚህ ፔፕታይዶች የአንዱ ታሪክ የጀመረው በ1931 ነው። ኡልፍ ፎን ኦይለርና ጆን ጋደም ለንደን ውስጥ ከፈረስ አንጎልና አንጀት ባወጡት ዱቄት ላይ የደም ግፊትን ዝቅ የሚያደርግ፣ አንጀትን የሚያኮማትር ነገር አገኙ፤ ሰብስታንስ ፒ አሉት። ምን እንደሆነ በትክክል ለማወቅ 40 ዓመት ወሰደ። በ1971 ሱዛን ሊማንና ባልደረቦቿ ከከብት አንጎል አጣርተው የ11 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት መሆኑን አሳዩ።

ሰብስታንስ ፒ ሳንባ ውስጥ ሲረጭ የደም ሥር ግድግዳ ይላላል፣ ፈሳሽ ይወጣል፣ አክታ ይመረታል፣ ኒውትሮፊሎች ከግድግዳው ጋር መጣበቅ ይቀላቸዋል። እንግዲህ ከላይ የተመለከትነው የኒውትሮፊል ጎርፍ በር ከፋቹ ማክሮፋጅ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከነርቩ ጎን ብዙ ጊዜ ማስት ሴል ይገኛል፤ አንዳንዴ ሊነካካ ጥቂት እስኪቀረው ተጠግቶ። ማስት ሴል በአለርጂ የሚያሳክከን ሂስታሚን የሚከማችበት ጎተራ ነው። ሰብስታንስ ፒ ሲደርሰው ጎተራውን ይከፍታል፤ የወጣው ሂስታሚን መልሶ ነርቩን ይነካካል። ሁለቱ እርስ በርስ ሲቀሳቀሱ እሳቱ ያለ ማገዶ ይቀጥላል። ይህን ግንኙነት በበግ ላይ ለማየት ማርክ አከርማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ወደ በርበሬ ተመለሱ። ዘዴውን ያስተማሯቸው ሃንጋሪያውያን ናቸው፤ ሚክሎሽ ያንቾ ካፕሳይሲን ሲበዛበት ነርቩ እንደሚደነዝዝ አሳይቶ ነበር፣ በ1977 ደግሞ ጋቦር ያንቾ ገና በተወለዱ አይጦች ላይ ከተሰጠ ነርቮቹን ጨርሶ እንደሚያጠፋ አረጋገጠ። የአዮዋዎቹ ተመራማሪዎች የካፕሳይሲን የቅርብ ዘመድ የሆነውን ዳይሃይድሮካፕሳይሲን ለአራስ ግልገሎች ሰጡ። በ2000 ያሳተሙት ውጤት እንደሚለው በመተንፈሻ አካሉ ውስጥ ሰብስታንስ ፒ የያዙት የነርቭ ክሮች ተመናመኑ፣ የማስት ሴሎቹም ብዛት ተለወጠ። ማስት ሴሉን ማንም አልነካውም፤ የተነካው ነርቩ ብቻ ነው። ነርቩ ሲጠፋ ግን የሴሎቹ ቁጥር እንደነበረ አልቆየም።

ሰብስታንስ ፒ እንዲህ ጉልበተኛ ከሆነ በየማስነጠሱ ሳንባችን ለምን አያብጥም? የመተንፈሻ ቱቦው ሽፋን ሴሎች ፔፕታይዱን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ስላላቸው ነው። ቫይረስ ሽፋኑን ሲልጠው ኢንዛይሙም አብሮ ይቀንሳል፤ ያኔ ያው መጠን ሰብስታንስ ፒ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። በቫይረስና በማይኮፕላዝማ የተበከሉ አይጦች ላይ ነርቩ የሚያስነሳው እብጠት ከጤነኞቹ በጣም እንደሚበልጥ በ1980ዎቹ መጨረሻ ታይቷል። በበጉ ቫይረሱ ቀድሞ ባክቴሪያው ተከትሎ ሲመጣ በሽታው ለምን እንደሚከፋ ሲጠየቅ፣ ከረገፉት ፀጉሮች ጎን ይህ መልስም ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

ነርቩ የሚረጨው ግን የሚያቀጣጥል ብቻ አይደለም። ከዚያው ጫፍ 37 አሚኖ አሲድ ያለው ሲጂአርፒ ይወጣል። ሌሎች የሳንባ ነርቮች ደግሞ ቪአይፒ የተባለውን፣ 28 አሚኖ አሲድ ያለውን ያመነጫሉ። ቪአይፒ የመተንፈሻ ቱቦን ጡንቻ ያላላል፣ የማክሮፋጁንም ጥሪ ዝቅ ያደርጋል። ሲጂአርፒ የደም ሥርን በኃይል ያሰፋል፤ ከመከላከያ ሴሎች ጋር ያለው ጉዳይ ግን ለብዙ ሰው ያልተጠበቀ ነበር። በ2018 በሃርቫርድ የአይዛክ ቺዩ ቡድን በርበሬ የሚያውቁትን ነርቮች ያጠፋባቸውን አይጦች በስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የሳንባ ምች አሳመማቸው። ነርቭ የሌላቸው አይጦች ባክቴሪያውን በተሻለ አጸዱ፣ ከሞትም ተረፉ። ነርቩ በሲጂአርፒ አማካይነት ኒውትሮፊሎቹንና ጋማ-ዴልታ የተባሉትን ቲ ሴሎች ወደ ኋላ ይዟቸው ኖሯል። ነርቩ ለሳንባው የራራ ይመስላል፤ ስስ ሥጋ ስለሆነ ጦርነቱ እንዳያፈርሰው። ባክቴሪያው በርትቶ በመጣ ጊዜ ግን ያ ርኅራኄ ሕይወት ያስከፍላል።

አይጥ በግ አይደለችም፤ ስታፊሎኮከስም ማንሃይሚያ አይደለም። ይልቁንም በማንሃይሚያ ዘንድ ኒውትሮፊልን ወደ ኋላ መያዝ ጥቅም ሊሆን ይችላል፤ የሚፈነዳው ይቀንሳልና። ጋማ-ዴልታ ቲ ሴሎች ደግሞ በሰውና በአይጥ ደም ውስጥ ጥቂት ሲሆኑ በግልገል ደም ውስጥ ከብዙዎቹ ወገን ናቸው። ስለዚህ ያው የነርቭ ቃል በሁለቱ እንስሳት ላይ አንድ ዓይነት ሰሚ አያገኝም። የአይጥን ውጤት ይዞ ወደ በግ መድኃኒት የሚሮጥ ሰው እዚህ ቆም ማለት አለበት።

ሐኪሙ በእጁ ያለው ምንድን ነው? የጤነኛ በግ ሙቀት 39 ዲግሪ ገደማ ነው። 41 የደረሰ፣ ጆሮው የወደቀ፣ ከመንጋው የቀረ በግ ሲገኝ ኦክሲቴትራሳይክሊን የመሰለ አንቲባዮቲክ ይወጋል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገታል፤ የተረጨውን መርዝ ግን አይመልስም፣ የፈነዳውንም ሴል አይሰበስብም። በመጀመሪያው ቀን የተወጋ በግና በአራተኛው ቀን የተወጋ በግ ያው መድኃኒት ደርሷቸው አንዱ ድኖ ሌላው የሚሞተው ለዚህ ነው። እንደ ሜሎክሲካም ያሉ ፀረ-ብግነት መድኃኒቶች አብረው ሲሰጡ ነርቩን የሚያስቆጣውን ፕሮስታግላንዲን ይቀንሳሉ፤ እንስሳው ሙቀቱ በርዶለት ሣር መቅመስ ይጀምራል። ዴክሳሜታዞን ሌላ ነገር ነው። ብግነቱን በአንድ ቀን ያጠፋዋል፣ ከእሱ ጋር መከላከያውንም ያንበረክካል። ትንፋሹ ቀለለ ብሎ የተደሰተ ባለቤት ከቀናት በኋላ ሊያዝን ይችላል።

ክትባትን በተመለከተ፣ ካናዳ ውስጥ በጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ የተሠራው ሥራ አንድ ነገር አስተምሯል፦ የባክቴሪያውን ሬሳ ብቻ መስጠት አይበቃም። ሰውነቱ መርዙንም የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል ካልሠራ ሠራዊቱ እየደረሰ መፈንዳቱ አይቀርም። በእኛ አገር ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ለበጎች የፓስቱሬላ ክትባት ያመርታል፤ ክትባቱ ክረምት ሳይገባ ቢሰጥ ነው የሚረባው።

ከሁሉ በርካሽ የሚገኘው መከላከያ ግን ጉሮኖውን ማስተካከል ነው። ሌሊቱን በተዘጋ ጉሮኖ ውስጥ የበጎች ሽንት የሚለቀው አሞኒያ ያንኑ በርበሬ የሚያውቀውን ተቀባይ ይቀሰቅሳል። ቆሞ ለሚያሸት ሰው ብዙም ላይታወቅ ይችላል፤ አሞኒያው የሚበዛው ከወለሉ አጠገብ፣ በጉ ተኝቶ በሚተነፍስበት ቁመት ነው። ስለዚህ ማለዳ በሩ ተከፍቶ ጉሮኖው ሳይናፈስ ገብቶ መንበርከክና በዚያ ቁመት ጥቂት መተንፈስ ነው። ዓይን ካቃጠለ ወይም ካሳለ፣ የበጎቹ ነርቭ ሌሊቱን ሲረጭ አድሯል፤ እርጥቡ ጉዝጓዝ ወጥቶ ደረቅ ይነጠፍ፣ ከግድግዳውም በላይኛው በኩል፣ ነፋሱ ግልገሎቹን በቀጥታ በማያገኝበት አቅጣጫ፣ መተንፈሻ ይከፈት።